ተማሪ ለተማሪ ሲደርስ፦ ከድሬዳዋ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በድሬዳዋ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለተሞከረ የአቻ ለአቻ ድጋፍ ነው፤ ማለትም የተጨነቀን ተማሪ ሌላ ተማሪ ስለሚደግፍበት አሠራር። ሙከራው ሁለት የትምህርት ዘመን ወስዷል። በመጀመሪያው ዓመት ከሸፈ። በሁለተኛው ዓመት ብዙ ነገር ተለውጦ እንደገና ሲጀመር ተማሪዎች ተጠቀሙበት። ሌላ ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ነገር ልጀምር ሲል ከዜሮ እንዳይነሳ ብዬ ነው የምጽፈው።

እኔ በትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ጉዳዩን የያዘው ኮሚቴ ጸሐፊም ነበርኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም። የተማሪዎቹንም ታሪክ ማንም እንዳይለያቸው አንዳንድ ዝርዝሩን ቀይሬ ነው ያቀረብኩት።

ከተማውና ትምህርት ቤቱ

ድሬን የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ሙቀቷን ነው። ከምሳ በኋላ ከተማው ይተኛል። ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ጫት የሚቅመውም በርጫው ላይ ይቀመጣል። በዚያ ሰዓት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተጨናንቆ መማር ምን እንደሚመስል የተቀመጠበት ያውቀዋል። ይህን የማነሳው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። የመጀመሪያውን ሙከራ ከገደሉት ነገሮች አንዱ ሰዓቱ ነበር።

ሌላው ቋንቋ ነው። በከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ይሰጣል። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ይሆናል። ስለዚህ በሦስት ቋንቋ የተማሩ ልጆች ዘጠነኛ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ። ከዚራ ወይም መጋላ ያደገ ልጅ ሦስቱንም ቀላቅሎ ያወራል። «ወርያ!» ብሎ ይጣራል፣ በአማርኛ ይቀጥላል፣ በኦሮምኛ ይቀልዳል። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ግን እንዲህ አይቀለውም። መምህሩ የሚያስተምርበትን ቋንቋ ገና እየለመደ ነው፤ ጓደኞቹ በእረፍት የሚያወሩትንም እንደዚያው። የድሬ ልጅ ግልጽ ነው፣ ነገር አያከርም ይባላል። እውነት አለው። ግን ግልጽነቱ ለቀልድና ለጠብ እንጂ ለጭንቀት ሲሆን ብዙም አላየሁትም።

ከዚያ ፈተናው አለ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ይሰጣል። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። እነዚህን ቁጥሮች ተማሪዎቻችን ከእኛ በላይ በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ታላቅ ወንድሙ ወድቆ ባጃጅ ሲነዳ የሚያይ ልጅ ቁጥሩን ከሬዲዮ መስማት አያስፈልገውም። (ባጃጅ መንዳት ነውር አይደለም፤ ልጆቹ ግን እንደ ቅጣት ነው የሚያወሩት።)

ትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት ክፍል አለው። ክፍሉ ግማሹ የኳስና የመረብ ማስቀመጫ ነው። አማካሪ የተባለው መምህር ሙሉ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይዞ በትርፍ ሰዓቱ ነው የሚቀመጠው። በሩ ከዩኒት ሊደሩ (የዲሲፕሊን ኃላፊው) ቢሮ ጋር ጎን ለጎን ነው። ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ጥፋት አጥፍቶ የተጠራ ይመስላል።

ነገሩን ያስነሳው

አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ጎበዝ ነች፤ ልጆቹ «ቀለሜዋ» ይሏታል። በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ደጋግማ ክፍል ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች። ጤና ጣቢያ ስትታይ ደሟም ስኳሯም ደህና ነው ተባለ። ቤተሰቦቿ ጸበል ወሰዷት። ከመምህራን ገሚሱ «ሳትበላ ስለምትመጣ ነው» አለ፤ ገሚሱ «ፈተና ለማምለጥ ነው» አለ።

በመጨረሻ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ታየች። ከባድ ጭንቀት ነበር። አባቷ ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ ቤቱ በሙሉ እሷን ነው የሚጠብቀው። «ካላለፍኩ እቤት አልመለስም» የሚል ሐሳብ ለወራት ሲያብሰለስላት ከርሟል። ይህን ሁሉ አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ ታውቅ ነበር። ዳይሬክተሩ አስጠርተው «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» ሲሏት «ለማን?» አለች።

ለማን ትናገር? ለክፍል ኃላፊዋ ብትናገር «ወላጅ አምጪ» ይመጣል። ለልጅቷ ቤተሰብ ብትናገር ጓደኛዋን ታጣለች። አማካሪ መምህር መኖሩን አታውቅም፤ ብታውቅም ወንድ ነው፣ የሒሳብ ማርክ የሚሰጣትም እሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና እክል እንዳለበት ይገምታል። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ስምንት ወይም ዘጠኝ ልጅ ይሆናል። እኛ እነዚያን ልጆች በሌላ ስም ነበር የምናውቃቸው፤ ሰነፍ፣ ረባሽ፣ ቃሚ፣ አመለኛ። የክፍል ጓደኞቻቸው ግን ምን እንደሆኑ ያውቃሉ። ኮሚቴው የተቋቋመው ይህን ካየን በኋላ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ተማሪ ቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ፣ የሚያውቀው ተማሪ ምን ማድረግ እንዳለበት እናሳየው።

የመጀመሪያው ዓመት

አሠራሩ በወረቀት ላይ ያምር ነበር። ከየሴክሽኑ ሁለት ተማሪ ተመረጠ። የመረጧቸው የክፍል ኃላፊ መምህራን ናቸው። እንደሚጠበቀው ማርካቸው ከፍ ያለውና ሞኒተሮቹ ተመረጡ። «አቻ ደጋፊ» የሚል ባጅ ተሰጣቸው። በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ወጥተው ተዋወቁ፣ ተጨበጨበላቸው። የግማሽ ቀን ገለጻ ወሰዱ። ከዚያ አንድ ቅጽ ተዘጋጀ። ቅጹ የተደገፈው ተማሪ ስም፣ ክፍል፣ ችግር እና የተሰጠ ምክር የሚል ሠንጠረዥ ነበረው። በየሳምንቱ ተሞልቶ ለዩኒት ሊደሩ ይገባል። ስብሰባው ከምሳ በኋላ ተደረገ፣ ያ ሰዓት ክፍት ስለሆነ።

ማንም አልመጣም። የመጡትም የፊዚክስ ኖት ሊዋሱ ነው የመጡት። አንዳንድ ደጋፊዎች ቅጹ ባዶ እንዳይሆን ከራሳቸው ፈጥረው ይሞሉ ጀመር። «ተማሪው ተክዞ ነበር፣ ተመክሯል።» እንዲህ ያለ ነገር በብዛት ተጻፈ።

ልጆቹ ለደጋፊዎቹ ስም አወጡላቸው፤ «ጆሮ ጠቢ»። ይህ እንዲሁ የተማሪ ቀልድ አልነበረም። በ1 ለ 5 አደረጃጀት ዘመን የተማሩ ታላላቆቻቸው ነገሩን ቤት ውስጥ አውርተውታል። አምስት ተማሪ በአንድ መሪ ሥር ሆኖ ስለእያንዳንዱ ሪፖርት ሲጻፍ የኖረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በአስተዳደር የተመረጠ ተማሪ፣ ባጅ ያደረገ፣ የሰው ስም ቅጽ ላይ ጽፎ ለቢሮ የሚያስገባ። ልጆቹ ሌላ ምን ብለው ይጥሩት?

ነገሩን የጨረሰው አንድ ጠብ ነው። ጥቂት የ11ኛ ክፍል ወንዶች ከትምህርት ሰዓት ቀርተው ሰው ቤት ሲቅሙ ተያዙ። የተያዙት በሰፈር ሰው ጥቆማ ነበር። ልጆቹ ግን የክፍላቸውን አቻ ደጋፊ ጠረጠሩ፤ ከግቢ ውጭ ጠብቀው ደበደቡት። ወላጆች ተጠሩ፣ ሽማግሌ ገባ፣ ታረቁ። ደጋፊው ባጁን መልሶ ሰጠ። ከእሱ በኋላ ሌሎቹም በየተራ መለሱ። ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር ፕሮግራሙ በዓመታዊ ዕቅዱ ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የተለወጠው

በክረምቱ ኮሚቴው ከመበተኑ በፊት ባጅ ከመለሱት ልጆች ጋር ተቀመጠ። የጠቀመን እሱ ነው። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ብለው ያነሱትን አንድ በአንድ ይዘን አሠራሩን እንደ አዲስ ሠራን።

መጀመሪያ የተለወጠው አመራረጡ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ብጣሽ ወረቀት ተሰጠ። የሚሞላው ተማሪ የራሱን ስም አይጽፍበትም። ጥያቄው አንድ ነው፤ «አንድ ከባድ ነገር ቢያጋጥምህ ለየትኛው ተማሪ ትነግራለህ?» ሦስት ስም ድረስ መጻፍ ይቻላል። ውጤቱ መምህራን ክፍል ውስጥ ብዙ አከራከረ። ከመጀመሪያው ዓመት ደጋፊዎች ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው ተመልሰው የወጡት። ከወጡት ስሞች መካከል ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ፣ የሰፈር ቡድን በረኛ እና ከእናቷ ጋር አሸዋ ገበያ የምትውል ልጅ ነበሩ። አንዱ ደግሞ ባለፈው ዓመት በዲሲፕሊን ታግዶ የነበረ ተማሪ ነው። ብዙ ድምፅ ያገኘው እሱ ነበር።

በእሱ ላይ ስብሰባው ተሟሟቀ። አንድ መምህር «አቦ፣ ይሄን ልጅ አርአያ አድርገን ልናቆመው ነው?» አሉ። ዳይሬክተሩ ግን «አርአያ አልፈለግንም፤ ልጆቹ የሚያወሩት ለማን እንደሆነ ነው የጠየቅናቸው» ብለው ዘጉት። በእኔ እምነት ፕሮግራሙን ያተረፈው ይህ ውሳኔ ነው።

ቀጥሎ የደጋፊው ሥራ አነሰ። «መምከር» የሚለው ከሥራ ዝርዝሩ ወጣ። የ16 ዓመት ልጅ ሌላ የ16 ዓመት ልጅ ሲመክር ከአባቱ የሰማውን ነው የሚደግመው፤ «በርታ፣ ጸልይ፣ አታስብ»። ሥልጠናውን የሰጡት ከሆስፒታል የመጡ የአእምሮ ጤና ነርስ ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እየመጡ። የተመሠረቱት የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ላይ ነው። መመሪያው ሥራውን በሦስት ነገር ይጠቀልለዋል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማየት ማለት አብሮህ የሚስቅ ልጅ መሳቅ ሲያቆም ልብ ማለት ነው። ማዳመጥ ሳያቋርጡ፣ ሳይፈርዱ፣ «እኔም እኮ» ሳይሉ መስማት ነው። ማገናኘት ደግሞ ልጁን ይዞ ወደ አዋቂ ሰው መሄድ ነው። «ሂድና ንገራት» ማለት ግን አይበቃም፤ አብሮ መሄድ ያስፈልጋል።

ነርሷ ብዙ ጊዜ የወሰዱት በምስጢር ጉዳይ ላይ ነው። ልጆቹ ወሬው ከመጀመሩ በፊት የሚሉትን ነገር በቃላቸው ያዙ፤ «የምትነግረኝን ለሌላ ተማሪ አላወራም። ግን ራስህን ልትጎዳ ካሰብክ፣ ወይ ሰው እየጎዳህ ከሆነ፣ ወይ አንተ ሰው ልትጎዳ ካሰብክ ለአዋቂ እነግራለሁ። ስነግርም አብረን ነው የምንሄደው።» ይህን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ደጋግመው ተለማመዱት። መጀመሪያ ላይ ይሳሳቁ ነበር። ሌላ የከበዳቸው ነገር ስለ ሞት በቀጥታ መጠየቅ ነው። «ከጠየቅኩት ሐሳቡን አልሰጠውም?» ብለው ፈሩ። ነርሷ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክል፣ እንዲያውም የተጨነቀውን ሰው እንደሚያቀለው አስረዷቸው።

ቅጹ ቀረ። የሰው ስም የትም አይጻፍም። ደጋፊዎች በወር አንዴ ስንት ሰው እንዳነጋገሩ ብቻ ብጣሽ ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ዩኒት ሊደሩ ከፕሮግራሙ ሙሉ በሙሉ ወጡ። ባጅም ቀረ፤ ማን ደጋፊ እንደሆነ ክፍሉ ስለሚያውቅ አያስፈልግም።

አዋቂውም ተለወጠ። ከአማካሪ መምህሩ ሌላ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ተጨመሩ። ተማሪዎቹ «እትዬ» ይሏቸዋል። ማርክ አይሰጡም፣ አይቀጡም፣ ሦስቱንም ቋንቋ ይናገራሉ። ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚገባ ልጅ ደግሞ መጽሐፍ ሊያነብ ነው የሚመስለው። ብዙ ልጆች ከዚያ በፊትም ችግራቸውን እዚያ ያወሩ እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው።

ሰዓቱ ወደ ጠዋት እረፍትና ወደ መውጫ ሰዓት ተዛወረ። ቦታው ግቢው ውስጥ ካሉት የኒም ዛፎች ሥር ሆነ። ጥላ አለ፣ ሁሉም ያያቸዋል፣ ማንም አይሰማቸውም።

ስለ ጫት የተደረገው ክርክር

ይህን ለብቻው የማነሳው ሌላ ከተማ ያለ አንባቢ ላይገጥመው ስለሚችል ነው። እዚህ ግን ማለፍ አይቻልም።

አንዳንድ መምህራን ፕሮግራሙ ጸረ ጫት እንዲሆን ፈለጉ። ደጋፊዎቹ እምቢ አሉ። «እሱን ካነሳን ወንዶቹ አያናግሩንም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ለፈተና ብሎ ሌሊቱን ሲቅም የሚያድር ልጅ አለ። ምርቃናው ሲያልፍ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ዱካክ ይመጣል፣ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ራሱን ይዞ ይቀመጣል። መምህሩ ሰነፍ ይለዋል። ልጁ ጭንቀቱን ለማጥፋት እንደገና ይቅማል።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። ደጋፊ የቃመን ተማሪ አያጋልጥም፣ አይሰብክምም። ነርሷ ግን በጫት፣ በእንቅልፍና በጭንቀት መካከል ያለውን ነገር ለሁሉም ደጋፊ አስተማሩ። ልጁ «ዱካክ አስቸግሮኛል» ሲል ደጋፊው የሚለው ነገር እንዲኖረው ነው። ይህን ውሳኔ እስከ ዛሬ የሚቃወሙ መምህራን አሉ። ቃሚ ልጅ ዝም ሲባል ፈቃድ የተሰጠው ይመስለዋል ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ሆኖም ከወንዶቹ አብዛኞቹ ወደ ደጋፊ የመጡት በዚህ በር በኩል ነው።

የሠራው

መጀመሪያ የመጡት ሴቶች ናቸው። የመጡበት ምክንያትም ማንም ያልጠበቀው ነበር፤ በወር አበባ ጊዜ ከትምህርት መቅረት። ከሴት ደጋፊዎች አንዷ ነገሩን አንስታ፣ እትዬ አንድ መሳቢያ ለንጽሕና መጠበቂያ ለቀቁ። ሞዴስ ሊወስዱ የሚመጡ ልጆች ቀስ በቀስ ሌላም ነገር ማውራት ጀመሩ። አንዷ ከገጠር መጥታ ቤት የተከራየች ናት፤ የአከራይዋ ዘመድ ያስቸግራት ነበር። ይህ በደጋፊ የሚያዝ ጉዳይ አይደለም። በዚያው ቀን ወደ እትዬ፣ ከእሳቸውም ወደሚመለከተው አካል ሄደ። ልጅቷ ቤት ቀየረች። አሁንም ትማራለች።

ሌላ ልጅ ደግሞ ዝናብ በዘነበ ቁጥር በማግስቱ ትቀራለች። መምህራን በጭቃ ምክንያት መስሏቸዋል። ቤቷ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል እናቷ ዘመድ አጥታለች። ልጅቷ ያኔ አልተወለደችም። ግን ዝናብ ሲመጣ እናቷ አትተኛም፣ ልጅቷም አብራት ቁጭ ብላ ታድራለች። ደጋፊዋ ያደረገችው ነገር ትንሽ ነው። ነገሩን በልጅቷ ፈቃድ ለክፍል ኃላፊው አስረዳች፤ ከዝናብ ሌሊት በኋላ አርፍዳ እንድትገባ ተፈቀደላት። መቅረቷ ቀነሰ። እናትየውን ሆስፒታል እንዲሄዱ የማግባባቱ ነገር ግን አልተሳካም።

ለ12ኛ ክፍሎች የጠቀመው ከሁሉም ቀላሉ ነው። ባለፈው ዓመት በዩኒቨርሲቲ ግቢ የተፈተኑ ልጆች መጥተው ያዩትን አወሩ። አልጋው እንዴት ነው፣ ምን ይዞ መግባት ይቻላል፣ ስልክ ስለማይገባ ቤተሰብ ጋር ሳይደወል እንዴት ይኖራል፣ ሌሊት ሰው ሲያለቅስ ምን ይደረጋል። ከመጡት ውስጥ ያላለፉም ነበሩ። አንዱ ወድቆ ቴክኒክና ሙያ ገብቷል፤ ኤሌክትሪክ እየተማረ ነው። ልጆቹ ከሁሉም በላይ ጥያቄ ያበዙበት እሱ ላይ ነበር።

ከባዱ ጉዳይ የመጣው ለፈተናው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ነው። አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ማታ ላይ በቴሌግራም ስንብት የሚመስል መልእክት ለጓደኞቹ ላከ። ጓደኞቹ በቀልድ መለሱለት። አንዱ ደጋፊ ግን ደወለለት። «ራስህን ልትጎዳ አስበሃል እንዴ?» አለው። ልጁ ዝም አለ። ደጋፊው ስልኩን ሳይዘጋ ባጃጅ ያዘ። ታናሽ እህቱን በሌላ ስልክ ለእትዬ እንድትደውል አደረገ። እትዬ የልጁን አጎት ያውቁ ስለነበር እሳቸውን ቀሰቀሱ። በዚያው ሌሊት ልጁ ሆስፒታል ገባ፤ ሕክምናውንም ቀጠለ። ፈተናውንም ወሰደ። ውጤቱን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ይህን ደጋፊ የሚያውቁ ሰዎች ያ ቀድሞ ታግዶ የነበረው ልጅ መሆኑን ሲሰሙ ይገረማሉ። መልእክቱን የላከው ልጅ ግን «አሳጣኸኝ» ብሎት ለረጅም ጊዜ አኩርፎታል። አሁን ሰላም ይባባላሉ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆኑም። ነርሷ ይህ ሊሆን እንደሚችል ከመጀመሪያው ነግረዋቸው ነበር።

ያልሠራው

ስም ሳይገለጽ መልእክት የሚላክበት የቴሌግራም አድራሻ ተከፍቶ ነበር። ስድብና የሰው ሐሜት ሞላበት። ቶሎ ተዘጋ።

ሶማልኛ ተናጋሪ ሴቶችን መድረስ አልተቻለም፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ሴሚስተር። ሥልጠናው በአማርኛና በኦሮምኛ ተሰጥቶ ሶማልኛው በተማሪ አስተርጓሚ ነበር የተያዘው። ስለ ቤት ውስጥ ጉዳይ በእኩያ አስተርጓሚ ማውራት ማን ይፈልጋል? ሶማልኛ ተናጋሪ መምህርት ስትጨመር ትንሽ ተሻሻለ።

ከሁሉም የከበደው ግን በደጋፊዎቹ ላይ የደረሰው ነው። ከሴት ደጋፊዎች ብዙ ሰው የሚመጣላት አንዷ ነበረች። በእረፍት ሰዓት ወረፋ ይያዝላታል። ሁላችንም ደስ ብሎን ስናይ ከረምን። በሚያዝያ ገደማ እናቷ ትምህርት ቤት መጡ። ተናደዋል። «ልጄን የሰው ጭንቀት ማጠራቀሚያ አደረጋችኋት። ማታ እንቅልፍ የላትም፣ ማርኳ ወርዷል፣ እኔን አታናግረኝም። እሷን ማን ይስማት?» አሉ። ለዚህ መልስ የነበረው ሰው አልነበረም። ልጅቷ ለጊዜው ከሥራው ወጣች፤ ነርሷ ለብቻዋ ያነጋግሯት ጀመር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ተጨመረ። ደጋፊዎች በየአሥራ አምስት ቀኑ ከነርሷ ወይም ከእትዬ ጋር ይቀመጣሉ፤ ስም ሳይጠሩ የከበዳቸውን ያወራሉ። አንድ ደጋፊ ደግሞ «አሁን አልችልም፣ እከሌ ጋ ልውሰድሽ» የማለት መብት አለው። ይህ ሁለተኛው በሐሳብ ደረጃ ሁሉም ይስማማበታል። በተግባር ግን የድሬ ልጅ እንግዳ በር ላይ ቆሞ «አልችልም» አይልም። ደጋግሞ ማሠልጠን አስፈልጓል፤ አሁንም ያስፈልጋል።

የወላጆች ነገር ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ልጃቸው የአእምሮ ጤና ክፍል እንዲታይ ሲነገራቸው «ልጄ እብድ አይደለም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ጸበል ወይም ሩቅያ (ቁርአን ማስቀራት) የሚወስዱትን አትሂዱ አንልም። «እሱንም አድርጉ፣ ሐኪምም ይየው» ነው የምንለው። የሰፈር ዕድር ዳኞችንና የእምነት አባቶችን አንዴ ጠርተን አወያይተናል። ከስብሰባው ይልቅ የጠቀመው እትዬ በየቤቱ ሄደው ቡና እየጠጡ የሚያወሩት ነው። ይህ ደግሞ በደመወዛቸው ውስጥ የለም።

ቁጥርም የለንም። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ሲጠይቅ «ስንት ተማሪ ተጠቀመ፣ በስንት በመቶ ተሻሻለ?» ይላል። ስም አንመዘግብም ብለናል፤ ከመጀመሪያውም የለካነው ነገር አልነበረም። ልጆቹ ደህና ሆነዋል ወይ ቢባል በማስረጃ ማሳየት አንችልም። የምናየው የመጡ ልጆች መኖራቸውን፣ ጥቂቶቹ በጊዜ ሐኪም ዘንድ መድረሳቸውን ነው።

ሌላ ትምህርት ቤት ቢጀምር

ከሁሉ በፊት ድጋፉንና ዲሲፕሊኑን ይለይ። በአንድ ቢሮ፣ በአንድ ሰው፣ በአንድ ቅጽ ከተገናኙ የተቀረው ሁሉ ቢያምርም ተማሪ አይመጣም። የእኛ የመጀመሪያ ዓመት ከዚህ ሌላ ብዙ ጉድለት ነበረው፤ ሁሉም ቢስተካከል እንኳ በዚህ አንድ ነገር ብቻ ይወድቅ ነበር።

የሚላክበት ሐኪም ሳይገኝ አይጀመር። አዳምጡ ብለን ልጆችን ካሰማራን በኋላ የሚወስዱበት ካጡ ሸክሙ እነሱ ላይ ይቀራል። በድሬዳዋ የአእምሮ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል ከትምህርት ቤቱ በባጃጅ ስለሚደረስበት እድለኞች ነን። በገጠር ወረዳ ያለ ትምህርት ቤት ከጤና ጣቢያው ጋር አስቀድሞ መነጋገር አለበት፤ ማን ይቀበላል፣ በየትኛው ቀን፣ ሌሊት ቢሆንስ።

ደጋፊ በተማሪ ይመረጥ። አስተዳደሩ የማይወደው ስም ሲወጣ ለመቀበል ከወዲሁ ይዘጋጅ። አዋቂውም እንዲሁ ነው። ተማሪዎች ቀድሞውኑ የሚያወሩለት ሰው ግቢው ውስጥ ይኖራል። ዘበኛ ሊሆን ይችላል፣ የላብራቶሪ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል።

ወጪው ብዙ አይደለም። እኛ ያወጣነው ለነርሷ ትራንስፖርት፣ ለቅዳሜ ሻይና ሳምቡሳ፣ ለመሳቢያው ሞዴስ ነው። የሚወደደው የአዋቂዎቹ ጊዜ ነው። አማካሪ መምህሩ አሁን የተወሰኑ የሒሳብ ክፍለ ጊዜዎች ተቀንሰውለታል። ለዚህ ዳይሬክተሩ ብዙ ተከራክረዋል።

አሁን ያለበት

በዚህ ዓመት ከነበሩት ደጋፊዎች አብዛኞቹ 12ኛን ጨርሰው ወጥተዋል። በአመራረጡ ላይ ይህን አላሰብንበትም ነበር። ስለዚህ አዲሶቹ ከዘጠነኛና ከአሥረኛ ክፍል እንዲበዙ ተደርጓል፤ ከነባሮቹ ጋር አንድ ሴሚስተር አብረው ይቀመጣሉ። ያቺ ያረፈችው ልጅ በራሷ ጥያቄ ተመልሳለች፤ በእረፍት ሰዓት ሳይሆን ቅዳሜ አዲሶቹን በማሠልጠን።

ያልተፈታው ክረምቱ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዛፉም ቤተ መጻሕፍቱም ይዘጋሉ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ጥበቃ የሚያልቀውም በዚያው ጊዜ ነው። አሁን ያለው እትዬ ስልካቸውን ለደጋፊዎች መስጠታቸው ብቻ ነው። ኮሚቴው ውጤት በሚወጣበት ሳምንት ቤተ መጻሕፍቱ ጠዋት ጠዋት ክፍት እንዲሆን ጠይቋል። ለሠራተኛዋ የክረምት አበል የሚሆን በጀት ከየት እንደሚመጣ ገና አልተወሰነም።